ባለ አንድ ቀዳዳው ላፕቶፕ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሰመራ የሚወርደውን መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ ገዋኔን ያውቃታል። ወደ ጂቡቲ ቀለል ብለው የሚወርዱና ከብደው የሚመለሱ ባለ ተሳቢ መኪናዎች ቀንም ሌሊትም ያልፉባታል። ሾፌሮች ሻይ ይጠጡባታል፤ ጎማ ያስጠግኑባታል፤ ጥቂት አረፍ ብለውም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። የአያሉ ተራራ ከወዲያ ቆሞ ያያታል። በግንቦት የሚነፍሰው ነፋስ ከምድጃ የወጣ እንጂ ከሰማይ የመጣ አይመስልም። እኔም ባለፈው ግንቦት የእኅቴን ልጅ ለመጠየቅ ወደዚያው ወርጄ አምስት ቀን ሰንብቼ ነበርና ያየሁትን ላጫውታችሁ አሰብሁ።

ልጁ በግብርና ትምህርት ተመርቆ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ማራገቢያና አንድ ዲቫይደር አለው። በጠረጴዛው ላይ በንጹሕ ፎጣ ተሸፍኖ የተቀመጠ ነገር አየሁና ዳቦ መስሎኝ ገለጥሁት። ውጭ አገር የሚኖር የአጎቱ ልጅ የላከለት ላፕቶፕ ኖሯል።

«ጋሼ፣ እስቲ ያንሡት። አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም» አለኝ።

አነሣሁት፤ እውነትም ከተማሪ ደብተር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ግራና ቀኙን አገላብጬ ብመለከት በአንደኛው ጎን ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጥ አንድ ሞላላ ቀዳዳ፣ በሌላው ጎን ደግሞ የማዳመጫ ክብ ቀዳዳ አለ። ሌላ የለም።

«ኤሌክትሪኩ በየት ይገባል?»

«በዚህ ነው ጋሼ።»

«ፍላሹስ?»

«እሱም በዚሁ ነው።»

«ማተሚያውስ? ፕሮጀክተሩስ?»

«ሁሉም በዚሁ ነው፤ ግን ኮንቨርተር ይፈልጋሉ» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ዳሩ ግን ሳቁ እስከ ሐሙስ ማታ ብቻ ነበር የቆየው።

እንግዲህ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ጣጣው አይገባምና ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ዕድሜያችሁ ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ሰዎች የቀድሞውን ኮምፒዩተር ጀርባ ታስታውሱታላችሁ። ለቁልፍ ሰሌዳው አንድ ክብ ሶኬት፣ ለማውዙ ሌላ፣ ለማተሚያው ሰፊና ብዙ ጥርስ ያለው፣ ለስክሪኑ ደግሞ በሁለት ቡሎን የሚጠበቅ ነበር። የስክሪኑ ሶኬት ቪ.ጂ.ኤ. የሚባለው ሲሆን አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው። ሁሉም ለየራሱ ስለ ነበረ ገመድ ማምታታት ብርቅ አልነበረም፤ ማተሚያ ለመግጠም ባለሙያ የሚጠራበት ጊዜም ነበር። ይህን ችግር ለመፍታት ኢንቴል፣ አይ.ቢ.ኤም.፣ ማይክሮሶፍትና ሌሎች አራት ኩባንያዎች ተባብረው ዩ.ኤስ.ቢ. የሚባለውን የጋራ ሶኬት እ.ኤ.አ. በ1996 አወጡ። ከሥራው መሪዎች አንዱ በኢንቴል መሐንዲስ የነበረው የሕንድ ተወላጅ አጄይ ባት ነው። ሐሳቡን ያሳደረበት አንዱ ነገር ቤተሰቦቹ ማተሚያ ለመግጠም ሲቸገሩ ማየቱ እንደ ሆነ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ፍላሹን አምጥቶ ይሰካል። (በመጀመሪያው ሙከራ አልገባ ብሎት ገልብጦ፣ እንደገናም ገልብጦ የማያውቅ ግን ያለ አይመስለኝም።)

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ መልካም ነበር። ቀጥሎ ግን ቀጭንነት እንደ ሙያ ይቆጠር ጀመር። አፕል እ.ኤ.አ. በ1998 አይማክ የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ የፍሎፒ ማስገቢያውንና የቀድሞዎቹን ሶኬቶች ትቶ በዩ.ኤስ.ቢ. አመነ፤ ብዙ ሰው አጉረመረመ፤ በኋላ ግን ዓለም ተከተለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ስቲቭ ጆብስ ከወረቀት ፖስታ ውስጥ መዝዞ ያሳየው ማክቡክ ኤር አንድ ዩ.ኤስ.ቢ. ብቻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ማክቡክ ደግሞ እሱንም አስቀረና ለኤሌክትሪኩም ለፍላሹም ለስክሪኑም አንድ ቀዳዳ ብቻ ይዞ መጣ፤ ክብደቱ 920 ግራም፣ ውፍረቱ 13.1 ሚሊ ሜትር ነበር። ይህም ቀዳዳ አንድ ዓመት አስቀድሞ የተደነገገው ታይፕ ሲ የሚባለው ነው። ሌሎች ኩባንያዎችም ይህንኑ እያዩ መሣሪያቸውን አከሱት።

ታይፕ ሲ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ መጥፎ ብለው እዋሻለሁ። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ 24 የብረት ጥርሶች አሉ፤ የቀድሞው ዩ.ኤስ.ቢ. ግን አራት ብቻ ነበሩት። በየትኛውም ወገን ቢሰኩት ይገባል። ኤሌክትሪክ ያስገባል፤ ሥዕል ያወጣል፤ ጽሑፍ ያመላልሳል። ዐሥር ሺሕ ጊዜ እየተሰካና እየተነቀለ እንዲችል ሆኖ የተነደፈ ሲሆን የቀድሞው ትልቁ ዩ.ኤስ.ቢ. የተደነገገለት አንድ ሺሕ አምስት መቶ ጊዜ ነበር። ብርቱ ነገር ነው። ነገር ግን አበው ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ያሉት ለሰው ብቻ አይመስለኝም።

አንድ አፍ ያለው ሰው ሲበላ አይናገርም፤ ሲናገርም አይበላም። የእኅቴ ልጅ ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። መብራት በማይቆራረጥበት ከተማ ይህ እምብዛም አያስቸግር ይሆናል፤ ጧት ይበላል፣ ቀን ይናገራል። መብራቱ መጣ ሄደ በሚልበት ሰሞን ግን መብራት የመጣ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ቻርጅ ነው። ቻርጀሩ ከተሰካ ፍላሽ የሚገባበት የለም። መብራቱ ሲሄድ ደግሞ ባትሪውን ለመቆጠብ ሲባል ፍላሹ ይቆያል። «ነገ እገለብጠዋለሁ» ይባላል። ነገም ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እንግሊዞች የመርከብ ማረፊያውንም የኮምፒዩተሩንም ቀዳዳ በአንድ ቃል ፖርት ይሉታል። እኛ የመጀመሪያውን ወደብ እንላለን፤ ሁለተኛውን እንዲያው ፖርት ብለን ተውነው። ገዋኔ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ተቀምጦ ከወደብ የሚመለሰውን ያንን ሁሉ መኪና የሚቈጥር ሰው ግን ሁለቱን ነገሮች ሳያያይዝ አይቀርም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች በኋላ አገራችን የራስዋ የባሕር በር የላትም፤ በአሰብም ብንገለገል እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ ነበር። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ዕቃችን፣ ማዳበሪያውም ነዳጁም ስንዴውም፣ የሚገባው በጂቡቲ ነው። በአንድ በር የሚገባና የሚወጣ ቤት በሩ ላይ ወረፋ እንዳለ ሁልጊዜ ያውቃል። የጓሮ በር ያለው ቤት ግን እንግዳ ሲመጣ እንኳ ሴቶቹ በጓሮ ወጥተው ከጎረቤት ስኒ ተውሰው ይመለሳሉ። አዋሽ ራሱ፣ ገዋኔን አልፎ ይህን ያህል በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ይህን ስናገር የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ ከላፕቶፕ ተነሥተው የት ደረሱ?» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ወደ ሐሙስ ማታው ልመለስ።

ዓርብ ከጧቱ በሦስት ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች፣ ከወረዳው የተጠሩ ሰዎችና የጎሣ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ስለ ፕሮሶፒስ ያጠናውን እንዲያቀርብ ታዟል። ፕሮሶፒስ አፋሮች ደርጊ ሐራ የሚሉት እሾሃም ዛፍ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ግድም ለበረሃ መከላከያ ተብሎ ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባ ሲሆን ዛሬ የግጦሹን መሬት እየዋጠ ከብቱን የሚያስርብ ሆኗል። ከብት ፍሬውን በልቶ ዘሩን በየሄደበት ይጥለዋል፤ ዛፉም ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል። ልጁ ስምንት ወር ሙሉ ከአርብቶ አደሮቹ ጋር እየዋለ የጻፈው፣ የለካው፣ ያነሣው ፎቶግራፍ ሁሉ ያለው በዚያች ቀጭን ማሽን ውስጥ ነው። ከዚህ ሥራ የትምህርት ዕድል ሊገኝበት እንደሚችል አለቃው ነግሮታል፤ እናቱም ይህን ሰምታ ስለት ተስላለች።

ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራት መጣ። ልጁ ቻርጀሩን ቢሰካ ምልክቱ አልበራም። ነቅሎ ሰካው፤ በራና ጠፋ። ገመዱን ወደ ላይ ቀና ሲያደርገው በራ፤ ሲለቀው ጠፋ። ባትሪው 23 ከመቶ ይላል።

«ቅጂው የት ነው?» አልሁት።

ዝም አለ። የላብ ጠብታ በአፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ቀስ ብሎም ካለፈው መጋቢት ወዲህ በፍላሽ እንዳልገለበጠው ነገረኝ። ኮንቨርተሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ጓደኛው ተውሶት አዋሽ ወስዶታል፤ ኮንቨርተሩ በነበረበት ጊዜም ቀዳዳው ቻርጀር ይይዘዋል። አዋሽ ደግሞ ከመቶ አርባ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሰመራና ሎግያም ከዚያ ይርቃሉ። በዚያ ሰዓት የሚከፈት ሱቅ የለም።

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን እኔም በወጣትነቴ አንድ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ በአንድ ፍሎፒ ላይ ብቻ አስቀምጬ አውቃለሁና ቁጣዬን ዋጥሁት።

ነገሩን የሰሙ ሦስት ጎረቤቶች መጡ። አንደኛው ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ደግ ሰው ነበርና «ወደ እኔ ይምጣና በንፋስ ላስነፋው፤ አቧራ ነው የያዘው» አለ። አቧራ መሆኑን በትክክል ገምቶ ነበር። ነገር ግን የጎማ መንፊያ ንፋስ ውሃና ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ግፊቱም የጭነት መኪና ጎማ የሚያቆም ነው፤ ያን በዚህች ቀዳዳ ላይ መልቀቅ ለማየትም ያስፈራል። አመስግነን አስቀረነው። ሁለተኛው ገመዱን በክር አስሮ ቀና እንደ ተደረገ ማቆየት ይሻላል አለ፤ ይህ እንኳ ለጊዜው የማይጠላ ነበር። ሦስተኛው የሞባይል ጠጋኝ የሆነ የአፋር ወጣት ነው። እሱ ምንም ሳይናገር ጥቂት ተመለከተና «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያለውን አውጣ፤ ስለ ቀዳዳው ኋላ እናያለን» አለው።

እውነተኛው ምክር ይኸ ነበር። ቀዳዳው ቢዘጋም ላፕቶፑ ያለ ገመድ የሚናገርበት ሌላ መንገድ አለውና። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አደረጉ፤ የተከፈተውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጉ፤ የልጁን ስልክ ሆትስፖት ከፈቱና ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር አገናኙት። ይህ ሲሆን ፋይሉ ከላፕቶፑ ወደ ስልኩ በአየር ስለሚተላለፍ ኢንተርኔቱ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ጽሑፉን፣ ቀጥሎ የአኃዙን ሠንጠረዥ፣ ፎቶግራፎቹን በመጨረሻ ላኩ። የባትሪው ቍጥር 23 የነበረው 19፣ ቀጥሎም 14 ሲል ክፍሉ ውስጥ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ የሚሰማው የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው። በ9 ከመቶ ፎቶግራፎቹ አለቁ።

ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን ፈጽሞ አጠፉት። ጠጋኙ የስልኩን መብራት ወደ ቀዳዳው አብርቶ ከኪሱ መፋቂያ አወጣና ጫፉን በምላጭ እንደ መርፌ አቀጠነው። መርፌ ለምን አልተጠቀመም ብትሉ፣ ብረት ጥርሶቹን ያጎብጣል፤ ሁለቱን ያገናኘ እንደ ሆነም ያቃጥላል፤ እንጨት ግን ይህን አያደርግም። ስቴኪኒ ቢኖር እሱም ይሆን ነበር። ከቀዳዳው ግድግዳና ግድግዳ እየጠራረገ ያወጣውን በነጭ ወረቀት ላይ አኖረው። የፎጣ ጭረትና የገዋኔ አቧራ ተቀላቅለው እንደ ጭቃ ጡብ ተጠቅጥቀዋል! ላፕቶፑን ከአቧራ ይጠብቃል የተባለው ንጹሕ ፎጣ ጭረቱን እየሰጠ ቀዳዳውን ሲደፍነው ከርሟል። የቻርጀሩ ጫፍ በሰካነው ቍጥር ያን ጭቃ ወደ ውስጥ እየገፋ ነበርና በመጨረሻ እስከ ውስጥ አልደርስ አለ። ጠጋኙ ቻርጀሩን ሲሰካው ጠቅ አለ፤ ምልክቱም በራ። ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ ሻይ ጠጣ።

ዓርብ ጧት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የመሥሪያ ቤቱ ፕሮጀክተር በቪ.ጂ.ኤ. የሚሠራ የጥንት ነው። በሥራው የሚታማ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ የሚጥለው ሥዕልም ደኅና ነው። ነገር ግን የልጁ ኮንቨርተር ከአዋሽ ቢመለስ እንኳ ኤች.ዲ.ኤም.አይ. የሚባለው ብቻ ስለ ነበረው ሁለቱ አይተዋወቁም። ቪ.ጂ.ኤ. ሥዕሉን በሚዋዥቅ የኤሌክትሪክ መጠን ይልከዋል፤ ኤች.ዲ.ኤም.አይ. ግን በአኃዝ ነው፤ በመካከላቸው አስተርጓሚ የሚሆን ዕቃ ካልገባ በገመድ ብቻ አይግባቡም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ሰዓቱ ደርሷል። በዚህ ጊዜ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የራስዋን ላፕቶፕ ተሸክማ መጣች። ወፍራም ነው፤ አንድ ማጠፊያው ተሰብሮ በፕላስተር ተይዟል፤ ባትሪው ሞቷል፤ ጎኑ ግን እንደ ወንፊት ነው። ሦስት ዩ.ኤስ.ቢ.፣ ቪ.ጂ.ኤ.፣ የኔትወርክ ሶኬት፣ ከዚያም ለሲዲ የሚሆን መሳቢያ አለው። ፋይሉን ከስልክ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደዚያ አዛውንት ላፕቶፕ አሻግረው በአምስት ደቂቃ ውስጥ የፕሮሶፒሱ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ቁጭ አለ። ልጁም መናገር ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ፎቶግራፉን አይተው የማን ግጦሽ እንደ ሆነ በስም ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባው እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ዘለቀ፤ ስለ ላፕቶፕም ማንም አላሰበ።

እኔ ግን አሰብሁ፤ ምክንያቱም ደመወዛችሁን እያጠራቀማችሁ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመግዛት የምትነሡ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ የምታስልኩ ብዙዎች እንደ ሆናችሁ አውቃለሁ።

ዘመዳችሁ «ምን ዓይነት ይሁንልህ?» ብሎ ሲጠይቅ ስለ ቀለሙና ስለ ቅለቱ ከመናገራችሁ በፊት በጎኑ ስንት ቀዳዳ እንዳለው ጠይቁ። ሁለት ታይፕ ሲ ቢኖረው ከአንዱ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ አንዱ ቢታመም በሌላው ይበላል። አንድ ትልቅ የቀድሞ ዩ.ኤስ.ቢ. ቢጨመርበት ደግሞ እጅግ መልካም ነው፤ እኛ አገር ያለው ፍላሽ ሁሉ የሚገባው በዚያ ነውና። ቀዳዳው ከዋናው ሰሌዳ ጋር አብሮ የተበየደ ነው ወይስ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ለብቻው የቆመ ነው ብላችሁም አስጠይቁ። ለብቻው ከሆነ ቢበላሽ ያቺ ትንሽ ሰሌዳ ትለወጣለች፤ አብሮ የተበየደ ከሆነ ግን ጥሩ እጅ ያለው ጠጋኝ ካልተገኘ ዋናው ሰሌዳ በሙሉ ይለወጥ ይባላል፤ ያም የላፕቶፑን ዋጋ ያህል ሊሆን ይችላል።

ሌላው ማታለያ የቀዳዳዎቹ መልክ አንድ ሆኖ ጠባያቸው መለያየቱ ነው። ሁለት ታይፕ ሲ ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ሥዕል ያወጣል፤ ሌላው አያወጣም። አንዱ ቻርጅ ይቀበላል፤ ሌላው ይቅርታ ይላል። አንዳንድ አምራቾች ከቀዳዳው አጠገብ ትንሽ የመብረቅ ወይም የስክሪን ምልክት ያኖራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ምንም አያኖሩም፤ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ዕቃውን ሲሰካና ሲነቅል ይውላል። ገመዱም እንዲሁ ነው። ከስልክ ጋር የመጣ ቀጭን ገመድ ብዙ ጊዜ ስልክ ለመመገብና ጥቂት ፋይል ለማመላለስ ያህል ነው፤ ሥዕል አያሻግርም፤ ለላፕቶፕ የሚበቃ ኃይልም ላያሳልፍ ይችላል። በሕጉ መሠረት ታይፕ ሲ እስከ 100 ዋት፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደግሞ እስከ 240 ዋት እንዲያሳልፍ ተፈቅዷል፤ ይህን የሚችለው ግን ለዚሁ የተሠራ ገመድ ብቻ ነው።

«ሃብ ብንገዛስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሃብ ማለት ለኮምፒዩተር የሚሆን ዲቫይደር ነው፤ በአንዱ ቀዳዳ ተሰክቶ ሦስት አራት ያወጣል። ግዙ፤ ነገር ግን ቻርጀር የሚሰካበት ያለውን ምረጡ፤ ያለዚያ ያው የአንድ አፍ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ከሚያልፈው ኃይል ጥቂት ዋት ለራሱ ያስቀራል፤ ስለዚህ ቻርጀሩ ለላፕቶፑ ልክ የሆነ ብቻ ከሆነ ፍላሽና ፕሮጀክተር ሲጨመርበት ባትሪው እየተሰካም ሊቀንስ ይችላል። ከዚህም በላይ ሃብ ይሞቃል። አንዳንድ አምራቾች መሣሪያቸው ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቦታ እንዳይሠራበት በመጽሐፋቸው ይጽፋሉ፤ የግንቦትን ገዋኔ አላዩአትማ! ማራገቢያ የሌለው ቀጭን ላፕቶፕ በዚህ ሙቀት እየተመገበ ሲሠራ ሥራው ይዘገያል፤ ባትሪውም ቶሎ ያረጃል። የእኅቴ ልጅ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተነሥቶ የሚጽፈው ለትጋት ብቻ አይደለም።

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ አልፈው አልፈው መጡ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ማክቡክ ፕሮውን በታይፕ ሲ ብቻ ሲያወጣ ጩኸቱ በርትቶ ነበርና በዚያው ዓመት በኅዳር የኮንቨርተሮቹን ዋጋ ለጊዜው ቀነሰ። ባለ አንድ ቀዳዳውን ማክቡክ እ.ኤ.አ. በ2019 መሸጥ አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ማክቡክ ፕሮ ላይ ደግሞ ኤች.ዲ.ኤም.አይ.፣ የፎቶግራፍ ካርድ ማስገቢያና ለብቻው የቆመ የቻርጀር ሶኬት ተመለሱ። ሲመለሱም እንደ አዲስ ነገር ተጨበጨበላቸው። አውሮፓውያን በበኩላቸው ለስልክ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024፣ ለላፕቶፕ ከሚያዝያ 28 ቀን 2026 ጀምሮ ቻርጅ መቀበያው ታይፕ ሲ እንዲሆን በሕግ ወስነዋል። ስለዚህ ይህች ሞላላ ቀዳዳ ከእንግዲህ አትለየንም። የአንድ ሰው ቻርጀር ለሌላው መሆኑ ለእኛም ትልቅ ቸርነት ነው፤ በገዋኔ ቻርጀር የተቃጠለበት ሰው ከጎረቤቱ ተውሶ ማደር ይችላል። እኔ የምጣላው ከቀዳዳዋ ጋር አይደለም፤ ብቻዋን ከመሆንዋ ጋር ነው።

ቅዳሜ ጧት ስነሣ ልጁ እስከ መኪናው ሸኘኝና አንድ ፍላሽ በእጄ አስጨበጠኝ።

«ጋሼ፣ ጥናቱ ነው። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ» አለ።

በደረት ኪሴ አድርጌ ቆለፍሁበት። ሃብ እንድልክለትም አደራ አለኝ፤ አዲስ አበባ ደርሼ በሳምንቱ ላክሁለት።

በሰኔ መጨረሻ ደውሎልኝ ነበር። ቀዳዳው እንደገና ላልቷል፤ በዚህ ጊዜ አቧራ አይደለም። ሰመራ የሚገኝ አንድ ጠጋኝ አይቶት ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደ ነው ብሎታል። የሃቡን ገመድ ከላፕቶፑ ጎን ጋር በፕላስተር አጣብቆ፣ ከሥሩ የክብሪት ቀፎ እያስደገፈ ይሠራበታል። የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ላፕቶፕ ልግዛሽ ብሎ ቢጠይቃት አልሸጥም ብላዋለች። ማታ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ መብራት ቢኖርም ባይኖርም፣ የቀኑን ሥራ በፍላሽ ገልብጦ ፍላሹን ከመፋቂያው ጋር በኪሱ ይዞ ወደ ሻይ ቤት ይወጣል።